ማንም ያልቀመሰው የፋሲካ ቢራ

«ይብሉ እንጂ ጋሽ ወልደጻድቅ፤ ምነው ዳር ዳሩን ብቻ ነካ ነካ አደረጉት? ቆሮሶ ዓሣው ዛሬ ጠዋት ከአሞራ ገደል ገበያ የመጣ ነው፣ ራሴ ሄጄ ነው የመረጥኩት። ዳጣውን ግን ጠንቀቅ ይበሉ፣ ወጥ ቤታችን ሐዳሳ ቃሪያ ላይ እጇ አይመለስም። ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? ዘንድሮ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የት እንደገባ እንጃ። እኔማ ከፋሲካ ወዲህ ዶሮውም ቅቤውም ሰለቸኝና ዓሣ ዓሣ አለኝ… ትንሽ አብሬያችሁ ልቀመጥ?»

እትዬ ሸዋዬ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ክብሩ የቆረሰውን ዳቦ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። አመጣጣቸው አላማረውም።

እትዬ ሸዋዬ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ይህችን ቢራዋን እዚያው ጓዳዋ የምትጠምቅ ትንሽ ቤት ሐዋሳ ላይ የከፈቱ ሴት ናቸው። ክብሩ ጠማቂያቸው ነው። አሠሪ ከሠራተኛዋና ከእንግዳው ጋር ብትቀመጥ ምን ክፋት አለው? ምንም። ክፋቱ እንግዳው ላይ ነው። ጋሽ ወልደጻድቅ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ ስንቱን ጎረምሳ ባለጎጆ ያደረጉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የፊታችን እሑድም የእትዬ ሸዋዬን ልጅ ቅድስትን ለክብሩ ሊጠይቁ ቃል ገብተዋል። ቅድስት በበኩሏ «እማዬን ካሳመንክ እኔ አለሁ» ብላ ነገሩን ጨርሳለች። የዛሬው የምሳ ግብዣ የሽማግሌውን ልብ ለማጽናት ነበር። እትዬ ሸዋዬ ስለ እሑዱ ገና ምንም አልሰሙም። አልሰሙም ብሎ የሚያስበው እንግዲህ ክብሩ ነው፤ በዚህ ከተማ ተወርቶ የማይሰማ ነገር ያለ ይመስል።

«ለመሆኑ በዓሉ እንዴት ነበር ጋሽ ወልደጻድቅ? ጾሙስ፣ ደኅና ፈቱ? እኔ መቼም ጾመኛ ሰው ነፍሴ ነው። ዘንድሮ አንድ ጾመኛ አየሁ… እንዴት ያለ ጾመኛ መሰለዎት። ስሙ ምን ያደርግልዎታል፣ አያውቁትም። የእኛ ዘመን ሰው ሲጾም ዝም ብሎ ነው የሚጾመው፤ የግድግዳ ጎረቤቱ እንኳ አያውቅበትም። ይሄኛው ግን ንፉግ አይደለም፣ ጾሙን ለሁላችንም ያካፍላል። ጠዋት በሁለት ሰዓት በቢሮዬ በር ያልፍና ‹እትዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ እንዴ?› ይለኛል። ‹ሰባት ሰዓት ይቀረዋል ልጄ› እለዋለሁ። ‹አይ፣ ምንም አይደለም፣ እችለዋለሁ› ብሎ ግድግዳውን እየደገፈ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ብርታት አይተው ያውቃሉ? እኔ ሰዓቱን ባልነግረው ደግሞ ምን ሊሆን ነበር?»

ክብሩ ውሃ አነሳ። ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ቢሆንም ጠጣው።

«ቤተ ክርስቲያንም ሲሄድ እንደዚያው ነው። ወንዶች በወንዶች በኩል፣ ሴቶች በሴቶች በኩል እንደሚቆሙ ያውቃሉ። እሱ ግን ለትሕትናው ብሎ ዳር ዳሩን ይወዳል… በሴቶቹ መግቢያ በኩል ያለውን ዳር። እኔ ወደ ኋላ ስል እሱም ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ አጥሩ ጠጋ ስል እሱም ጠጋ። አንድ ዓርብ ፀሐዩ በርትቶብኝ ዛፍ ሥር ገባሁ፤ ቀና ብል ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ፊት ለፊቴ ይሰግዳል። የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩለት። አርባ አንድ ደረሰ። መነጽሬን ልወለውል ዞር አልኩና ስመለስ ቁጭ ብሏል። ደክሞት ነው መቼም… ሰው አይደል? መነጽሬን ሳደርግ ደግሞ ወዲያው በረታ። ይህን ጊዜ እግዚአብሔር ኃይል ሲሰጥ እንዴት ፈጣን ነው አልኩ።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ከዓሣው እሾህ ጋር ትግል ላይ ስለነበሩ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ክብሩ ጆሮው ጋለ። ምን ይበል? አሽሙር እንዲህ ነው፤ «እኔን ነው እንዴ?» ብሎ የጠየቀ መልሱን ራሱ ሰጠ ማለት ነው። ስሙ እስካልተጠራ ድረስ ዓሣ እየበላ ያለ አንድ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ወሬ ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ክብሩ እስከ አምና ድረስ ረቡዕን ከሐሙስ ለይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን የቅድስት እናት ለጾመኛ ያላቸውን ፍቅር አወቀና ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቀን እትዬ ሸዋዬ ፊት ቆሞ «ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ቢራ በአፌ አይዞርም» ብሎ ማለ። እሳቸውም ከመነጽራቸው በላይ አይተውት «ጎበዝ» አሉት። በዚያች አንዲት «ጎበዝ» አንድ ሳምንት ሙሉ በደስታ ሰክሮ ሰነበተ። ቢራ ሳይቀምሱ ቢራ መጥመቅ እንዴት እንደሚሆን ያሰበበት አይመስልም። የጾመ ሆድ ብዙ አያስብም።

«ጾመኛው ይቆየንና ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ሌላ ደግሞ አንድ ቀማሽ የማውቀው አለ። አይ፣ ሌላ ሰው ነው፣ እንዳያምታቱብኝ። ጾመኛው ሌላ፣ ቀማሹ ሌላ። እንደሚያውቁት የእኛ ቤት ቢራ በየሳምንቱ ይቀመሳል፣ የቀመሰውም ሰው ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያው ተማሪ ቤት የለመደብኝ ነው። ታዲያ በሁዳዴ ማን ይቅመስ? ሐዳሳ እምነቷ አልኮል አይፈቅድላትም። ገንዘብ ተቀባያችን ሰሚራ ሙስሊም ናት። እኔ ጿሚ ነኝ። ጾመኛው እንደሆነ ምሏል። እንግዲህ ቀማሹ ባይኖርልን ምን ይውጠን ነበር?»

እትዬ ሸዋዬ ወደ ክብሩ ዞር ብለው በፈገግታ «ልጄ፣ ለጋሽ ወልደጻድቅ ውሃ ቅዳላቸው፣ እሾህ ሳያስቸግራቸው አይቀርም» አሉት። ክብሩ ቀዳ። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ሄደ።

«ተባረክ። እና ምን እያልኩ ነበር… ቀማሹ። እጅ ጽሑፉ እንዴት ያምራል መሰለዎት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ፣ እንዲህ ያለ ፊደል አላየሁም። ወረቀቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ‹መጋቢት አራት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ተቀምሷል፣ ጣፋጭ ነው።› ‹መጋቢት አሥራ አንድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ተቀምሷል፣ ጣፋጭነቱ ቀንሶ መጎምዘዝ ጀምሯል።› ‹መጋቢት አሥራ ስምንት፤ ተቀምሷል፣ ጠንከር ብሏል፣ ጉሮሮ ያሞቃል።› የመጨረሻዋን ይስሙኝ… ‹መጋቢት ሃያ አምስት፤ ተቀምሷል፣ ለለመደ ሰው ሁለት ጃምቦ ይበቃዋል።› ለሰው ማሰብ እንዲህ ነው። ደንበኛው እንዳይጎዳ ከሁለት በላይ አታብዙ ማለቱ እኮ ነው።»

ክብሩ ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ሲጽፍ ኮርቶባት ነበር። አሁን ያ ኩራቱ በዳጣው ላይ ዳጣ ሆኖ ያቃጥለው ጀመር።

«ፋሲካ ደረሰ። ቤቱ ጢም አለ። ሃምሳ አምስት ቀን የጠበቀ ሰው ነው፣ ይጠማዋል። ቀማሹ ራሱ አልነበረም፣ ለበዓሉ እናቱ ቤት ሄዷል፤ ይገባዋል፣ አራት ሳምንት ሙሉ ሲቀምስ የከረመ ሰው ነው። ጃምቦው ተቀዳ። ጋዙ ከሲሊንደር ስለሚገባ አረፋው አረፋ ነው፣ ቀለሙም ቀለም ነው። አቶ ሽፈራውን ያውቋቸዋል አይደል፣ እኚያ ከባንክ ጡረታ የወጡት? ስድስት ጃምቦ ጠጡ። በሦስተኛው ዘፈኑ። በአራተኛው ከሚስታቸው ወንድም ጋር ታረቁ፤ ሰባት ዓመት ተኳርፈው ነበር፣ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። በስድስተኛው ‹እኔ በዚህ ሁኔታዬ መኪና አልነዳም› ብለው ቁልፋቸውን ለሰሚራ ሰጥተው በባጃጅ ሄዱ። ባጃጁ ውስጥም ሁለቴ ወደቁ ይባላል።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ሳይፈልጉ ሳቅ አመለጣቸው። ሳቃቸውን ለመሸፈን ሳሉ።

«በማግሥቱ ቅቤ ፍለጋ ፍሪጁን ስከፍት ምን አገኘሁ? የቢራውን እርሾ። ከነማሸጊያው። ማንም አልነካውም። እርሾ ያልገባበት ቢራ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የብቅል ውሃ ነው፣ ሕፃን ልጅ ቢያጠጡት ቢያድግ እንጂ አይሰክርም። አቶ ሽፈራው በብቅል ውሃ ነው የወደቁት። አሁን ታዲያ የሚስታቸው ወንድም ‹ዕርቁ በሙሉ አእምሯችን የተደረገ ነውና ይጸናል› ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ከሐፍረት የተነሳ ሰክሬ ነበር ብለው ድርቅ ብለዋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ቀማሹ ነው ጋሽ ወልደጻድቅ። እርሾ ሳይገባበት ጎምዝዞ፣ ጠንክሮ፣ ጉሮሮ ያሞቀለት… እንዴት ያለ ምላስ ቢሰጠው ነው? ሌላ ሰው ያለውን እንኳ መቅመስ ያቅተዋል፣ እሱ የሌለውን ቀመሰ። ጀርመን አገር ሦስት ወር ተምሯል ይሉኛል። በሦስት ወር እዚህ ከደረሰ ዓመት ቢቆይ ኖሮ ቢራውን መጥመቅም ባላስፈለገን።»

ክብሩ ያንን ቀን ያስታውሰዋል። ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እርሾውን ይዞ የቢራ መጥመቂያው ታንከር ጋ ሲደርስ ዓይኑ ጭልም አለበትና እርሾውን ለአፍታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ወንበር ላይ ጋደም አለ። ሲነሳ የጨመረ መስሎት የታንከሩን ክዳን ገጠመው። አንዴ፣ አንዲት ጠብታ ቢቀምስ ያውቀው ነበር። አልቀመሰማ። በእግዚአብሔር ስም ምሎ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ ምላሱን አላስነካም፤ በሕይወቱ እንደዚያ የታመነበት ነገር የለም። ይህችን አንዲት እውነት ተነስቶ ቢናገራት እንዴት ደስ ባለው። ግን «በእውነት ጾሜያለሁ» ካለ ወረቀቱን በውሸት ፈርሜያለሁ ማለቱ ነው። «ወረቀቱ እውነት ነው» ካለ ደግሞ ጾሙ ገደል ገባ። ቢሆንም አላስቻለውም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ አፉን ከፈተ።

«ምነው ልጄ፣ አንተም አልበላህም እኮ። እስቲ ከእኔ እጅ ጉረስ… እንዲህ፣ ሰፋ አድርገህ ክፈት። እሾህ የለውም፣ አይቼዋለሁ። አይ፣ አንዴማ አይበቃም። ሦስተኛውን ደግሞ ለሥላሴ። አላምጥ፣ ቀስ ብለህ አላምጥ፣ ማንም አያጣድፍህም።»

ሦስቱም ጉርሻ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ነበሩ። የክብሩ ጉንጮች ተነፉ፣ ከዳጣው የተነሳም ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ያንን አይቶ የተነካ የመሰለው ሰው ቢኖር አስተናጋጇ ብቻ ነበረች፤ ሶፍት አመጣችለት።

«ቀማሹን አጣጣልኩት እንዳይሉኝ ብቻ። በረከትም አለው። ሐዳሳ ያንን የብቅል ውሃ ቀምሳ ‹እትዬ፣ ይሄማ የእኛ ነው› አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መጥተው ጠጡት፣ ተባረኩ ብለውን ሄዱ። የተረፈውን በሙሉ ለወንድሟ ሠርግ ወደ ቱላ ልትወስደው ነው። እንግዲህ ቀማሹ ለአንድ ሠርግ በቃ ማለት አይደል? … የሰው ሠርግ ቢሆንም።

«አሁን አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የተቀመጥኩት። እርስዎ መዝገብ ሲያገላብጡ የኖሩ ሰው ነዎት፣ ይፈርዱልኛል። እንዲያው ለነገሩ… ልጅ ያላት እናት አለች እንበል። አንድ ልጅ። ተምራ፣ ፋርማሲ ቆማ መድኃኒት የምትሰጥ፣ የእንክብሉን ቁጥር አንድም የማትሳሳት ልጅ። ጾመኛው መጣ እንበል፣ በሽማግሌ። ቀማሹም መጣ እንበል፣ በሽማግሌ። እናቲቱ ለማንኛቸው ትስጥ? ጾመኛው ግሩም ነው፣ እግዚአብሔርን ፈሪ ነው። ቀማሹም ግሩም ነው፣ ሥራውን ጠንቅቆ ጽፎ የሚያስቀምጥ ነው። ለሁለቱም አንድ ላይ እንዳትድራት ሥርዓቱ አይፈቅድላትም። አንዱን ስትይዝ ደግሞ ሌላኛው ውሸት ይሆንባታል። እኔ እንግዲህ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራሁት፣ ሁለቱን በአንድ ላይ እውነት ማድረግ አቃተኝ። እርስዎስ ጋሽ ወልደጻድቅ… ከሁለቱ ለየትኛው ሽማግሌ ሆነው ይቆማሉ? እሑድ ለምሳሌ፣ ቢሉዎት?»

እሑድ የሚለው ቃል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ክብሩ ማላመጡን አቆመ። ጋሽ ወልደጻድቅ እጃቸውን ከሳህኑ አነሱ፣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በሶፍት ጠረጉ፣ ከዚያ መስኮቱን ያዩ ጀመር። ክብሩን አላዩትም። ስንቱን ጠብ የዳኙ ሽማግሌ እንዲህ መስኮት ሲያዩ መጥፎ ነው።

ክብሩ ደነገጠ። ሽሙጡን ሁሉ ችሎት ነበር፤ ይሰድቡኝ፣ ይሳቁብኝ፣ እሑድ ግን ትቅርልኝ እያለ ነበር በልቡ። ቅድስት ትናንት ማታ ስልክ ደውላ «ምን ዓይነት ልብስ ልልበስ?» ብላው ነበር። አሁን ለእሷ ምን ብሎ ይመልስላት?

«አይመልሱልኝ፣ አይመልሱልኝ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ነው ያነሳሁት። ምግቡን ሳስረሳዎት። እኔም ሥራ ይጠብቀኛል። ይልቅ ከመሄዴ በፊት ይህን ልጅ ልመርቀው። ታላቃችን እርስዎ እያሉ መመረቁ አይገባኝም ነበር፣ ግን ቤቱ የእኔ ነውና ይፍቀዱልኝ።»

እትዬ ሸዋዬ ተነሱ። ክብሩም እንደ ወጉ ከወንበሩ ተነስቶ አንገቱን ደፋ፣ ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ሞኝ ልብ ሁልጊዜ ተስፋ አያጣም፤ ምርቃት ከመጣ ይቅርታ አብሮ ይመጣል ብሎ አሰበ። እትዬ ሸዋዬ እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ፤ እጃቸው ለስላሳ ነበር፣ ድምፃቸውም የእናት ድምፅ ሆነ።

«እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ። እናት አባትህን ያቆይልህ። የጾምከውን ይቀበልልህ፣ የደከምክበትን ይባርክልህ። ትዳር ይስጥህ፣ ልጅ ያሳቅፍህ… ከሁሉም በላይ ደግሞ ደግ አማት ይስጥህ። የነገርካትን ሁሉ አምና የምትቀበል፣ እህ ብላ የማትጠይቅ፣ የዋህ። እኔ እንደሆንኩ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም… ግን አገሩ ሰፊ ነው፣ አንተም ወጣት ነህ፣ ፈልገህ አታጣትም። አሜን በል እንጂ ልጄ፤ ጋሽ ወልደጻድቅ እንኳ ብለዋል።»